ቃጭሉና ሳተላይቱ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም፤ ባሕር ዳር ካለው ቤቴ ሆኜ፣ ለብዙ ወራት ብቻዬን ሳሰላስለው ስለቆየሁት ጉዳይ እነግራችኋለሁ። ጉዳዩ ሩቅ ግጦሽ ላይ የተሰማሩ ከብቶችን፣ ያሉበትን ቦታ በሚያመለክት የአንገት ማሰሪያ መከታተል ነው።

ያደግሁት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በዚያን ጊዜ መንጋው ወደ ዳገቱ ይወጣል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ወደ ጣና ዳርቻ ይመለሳል። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች፣ ረግረግን የማትፈራ ናት፤ ውኃው ሆዷን እስኪነካ ድረስ ገብታ ስትግጥ ያላያት ሰው፣ ይህ ማሰሪያ ከሁሉ በፊት ውኃ የማያስገባ መሆን እንዳለበት ላይታየው ይችላል።

የአሥራ ሁለት ዓመት እረኛ ሳለሁ ቡሬ የምንላት ጥቁርና ነጭ ላማችን አመሻሽ ላይ ከመንጋው ተለየችብኝ። አንገቷ ላይ ቃጭል ነበር። ድምፁን እሰማለሁ ብዬ የደንገሉን ዳር ይዤ እየቆምሁና እያዳመጥሁ ሄድሁ፤ የሚሰማው ግን የእንቁራሪት ጩኸት ብቻ ነበር። አባቴና ጎረቤቶቻችን ሌሊቱን በባትሪ ሲፈልጉ አደሩ። ሲነጋ ያገኘናት እኔ ሁለት ጊዜ ካለፍሁበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ፣ ደንገሉ ውስጥ ቆማ ነው፤ ጥጃዋ ውኃው ጠርዝ ላይ ተወልዶ ሞቶ ነበር። ልትወልድ የተቃረበች ላም ከመንጋው ተነጥላ ጥግ እንደምትፈልግ በመንደሩ የማያውቅ አልነበረም፤ ያላወቅነው የትኛውን ጥግ እንደመረጠች ነው። ያን ቀን ያልገባኝን ነገር ዛሬ አስተውለዋለሁ፤ ቃጭል የሚናገረው ላሟ ስትንቀሳቀስ ነው። የቆመች፣ የተኛች ወይም ማጥ የያዛት ላም ቃጭሏ ዝም ይላል፤ ባለቤቷ አብዝቶ የሚፈልጋት ደግሞ በዚያች ሰዓት ነው።

አዲሱ ማሰሪያ ልቤን የሳበው በዚህ ምክንያት ነው። ላሟ ብትሄድም ብትቆምም ያለችበትን ይናገራል። በውስጡ ያለው የጂፒኤስ መቀበያ፣ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ ቦታውን ያሰላል። ብዙ ሰው ሳተላይቱ ላሟን ከላይ ሆኖ የሚያያት ይመስለዋል፤ እንዲያ አይደለም፤ መቀበያው ያዳምጣል እንጂ ለእነዚያ ሳተላይቶች የሚመልሰው ነገር የለም። ስለዚህ ያወቀውን ለባለቤቱ የሚያደርስበት ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ሲም ካርድ፣ አለዚያም ጥቂት ኃይል ብቻ እየተጠቀመ ከአንድ አንቴና ብዙ ኪሎ ሜትር ሊደርስ የሚችለው ሎራ የተባለው የሬዲዮ ዘዴ ሊሆን ይችላል። የፎገራ ሜዳ ዝርግ ስለሆነ ለሎራ ይመቻል ብዬ አምናለሁ። በክረምት መንጋው የሚወጣበት ዳገትና ሸለቆ ግን ምልክቱን ይጋርዳል፤ እንዲህ ባለ ቦታ ማሰሪያው ያሰላውን መዝግቦ ያቆይና ግንኙነት ሲያገኝ ይልካል። ዘግይቶ የደረሰ መረጃ የመንጋውን ልማድ ለማጥናት ይረዳል፤ በሌሊት ለምትወልድ ላም ግን አይደርስላትም።

ባትሪውም የራሱ ጣጣ አለው። በየአምስት ደቂቃው ቦታ የሚያሰላ ማሰሪያ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል፤ በየሰዓቱ የሚያሰላው ብዙ ይቆያል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግን ላም ሩቅ ትሄዳለች። አንዳንዱ ማሰሪያ እንቅስቃሴን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ስላለው፣ ላሟ ስትግጥና ተኝታ ስታመሰኳ ያለውን ልዩነት ለመለየት ይሞክራል። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም መቆም ብቻውን ዕረፍትም፣ ሕመምም፣ ምጥም ሊሆን ይችላል።

በእኛ አካባቢ የከብት ጉዳይ ከሩዝ ጉዳይ ተለይቶ አይታይም። ሩዝ ወደ ፎገራ ከገባ ወዲህ ድሮ የወል ግጦሽ የነበረው መሬት ብዙው ማሳ ሆኗል፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላም በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ ከብቱ በነፃነት የሚሰማራበት ጊዜም ቦታም ጠቧል። በዚህ ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እምቦጭ ዳርቻውን ሲሸፍነው፣ ከብቱ ወደ ውኃው የሚወርድበትን መንገድ ዘጋበት። አንዲት ላም የጎረቤት ሩዝ ውስጥ ከገባች ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጉዳቱ ይገመታል፣ ካሳ ይከፈላል፤ ቅሬታው ግን ከካሳው በኋላም ይቆያል። በካርታ ላይ የማሳውን ድንበር አስምሮ፣ መንጋው ሲጠጋው የእረኛውን ስልክ የሚያስጮህ ማሰሪያ ከሌባ ይልቅ ለዚህ ይጠቅማል እላለሁ። ሌባ ቢላዋ አለው፤ ማሰሪያውን ቆርጦ ከጣለው በኋላ ማሰሪያው የሚነግረን የራሱን ቦታ እንጂ የላሟን አይደለም።

በኖርዌይ ኖፌንስ የተባለው ድርጅት፣ እንስሳው ወደ ወሰኑ ሲጠጋ በመጀመሪያ ድምፅ የሚያሰማ፣ ካልተመለሰ ደግሞ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ ማሰሪያ ይሠራል። አጥር ሳይኖር ማገድ መቻሉ ያስደንቃል። ይሁን እንጂ አንድ ባለቤት በራሱ መሬት ላይ የሚያሰምረው መስመር ሌላ ነው፤ የወል ግጦሽ ላይ ማን ያሰምራል? በእኛ ዘንድ የግጦሽ ወሰን በምክክር የሚጸና ስለሆነ፣ ስልክ የያዘ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያንቀሳቅሰው አልፈልግም። መዝገቡም በማን እጅ እንደሚቀመጥ ከአሁኑ መነጋገር አለብን። መንጋው በየዓመቱ የት እንደዋለ የሚያሳይ መዝገብ በማኅበረሰቡ እጅ ቢሆን፣ የወል መሬቱ ሲጠየቅ ከቃል ያለፈ ማስረጃ ይሆናል፤ በማያገባው ሰው እጅ ከወደቀ ደግሞ ከብቱ የሚያድርበትን ቦታ ለዘራፊ ይጠቁማል።

ባለፈው ሳምንት ይህን ሁሉ ለአባቴ በስልክ አስረዳኋቸው። አቅሜ የሚፈቅደው አንድ ማሰሪያ ብቻ ስለሆነ፣ መንጋው በሚከተላት መሪ ላም አንገት ላይ ለማድረግ አስቤ ነበር። አባቴ እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጡኝና፣ «እሷማ መቼ ጠፍታ ታውቃለች? ለጊደሯ አድርገው፤ የመጀመሪያዋ ነው» አሉኝ። ጊደሯ የምትወልደው በየካቲት ነው፤ እኔም ከመውለዷ በፊት ማሰሪያውን ይዤ ለመሄድ ቀን ቆርጫለሁ።