የሜየርን ፎቶ የሰቀልን፣ መዋጮ ያልከፈልን

የተከበራችሁ የክብር እንግዶች፣ የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ድምፅ ማጉያውን ላስተካከሉልን፣ ሻይ ቡናውን ላዘጋጁልን ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ስሙን ያልጠራሁት ሰው ቅር አይበለው፤ ሰዓት የለንም።

ዓመቱ ዝም ብሎ አላለፈም። ለአዳዲስ የስጋ መርማሪዎች ስልጠና ሰጥተናል። የቄራ ንፅህና መመሪያችን ተሻሽሎ ወጥቷል። የወተት ኮሚቴው ተሰብስቧል፤ በስልክ ቢሆንም ስብሰባ ስብሰባ ነው። ዝርዝሩ እጃችሁ ላይ ባለው ሪፖርት አለ፤ እዚያ አንብቡት። እኔ የማወራው ዓመቱን ሙሉ ስላናቆረን ነገር ነው፤ ስለ ገንዘብ።

ግን በሰቀልነው ፎቶ ልጀምር። ዘንድሮ የምንዘክራቸው ፕሮፌሰር ካርል ፍሬድሪክ ሜየር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ የእንስሳት ሕክምና ተማሩ። ደቡብ አፍሪካ፣ ኦንደርስቴፖርት ሄደው በአርኖልድ ታይለር ስር የከብት በሽታ አጠኑ። ከዚያ አሜሪካ ተሻግረው ካሊፎርኒያ ከተሙ። በ1930 ፈረሶችን የሚፈጀውን የአንጎል በሽታ ቫይረስ ለይተው አወጡ። በዱር አይጦች መካከል ስለሚዘዋወረው የቸነፈር በሽታም (ፕሌግ) ብዙ ሠርተዋል። ሁሉንም ልዘርዝር ብል ምሳ ያልፈናል። የእኛን ጉዳይ የሚነካው የታሸገ ምግብ ላይ የሠሩት ነው።

በ1919 ኦሃዮ ውስጥ፣ ካንተን በምትባል ከተማ፣ ሰዎች ለእራት ግብዣ ተሰበሰቡ። ከቀረበው ምግብ መካከል በጠርሙስ የታሸገ የካሊፎርኒያ ጥቁር የወይራ ፍሬ ነበር። ሰባት ሰው ሞተ። ብዙም ሳይቆይ በሌሎች ከተሞችም እንዲሁ ሆነ። ገዳዩ የቦቱሊዝም መርዝ ነበር፤ በደንብ ሳይበስል በታሸገ ምግብ ውስጥ አንድ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ሕዝቡ ደንግጦ ወይራ መግዛት አቆመ። ፋብሪካዎቹ ጭንቅ ውስጥ ገቡ።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ምርመራው እንዲካሄድ ገንዘቡን ያወጡት አሻጊዎቹ ራሳቸው ናቸው። የእንስሳት ሐኪሙ ሜየር፣ ከስታንፎርዱ ሐኪም ዲክሰንና ከመንግሥት የጤና ባለሙያው ጋይገር ጋር ሆነው ሥራውን ያዙ። አፈር እየሰበሰቡ ፈተሹ። የባክቴሪያው ስፖር፣ ማለትም ሙቀት የሚቋቋመው እንደ ዘር ያለው ቅርጹ፣ በአፈር ውስጥ በየቦታው ተገኘ። ስለዚህ አትክልቱን ማጠብ ብቻውን አያድንም። በ1922 ሜየር ኤስቲ ከሚባል ተመራማሪ ጋር ስፖሩን የሚገድለውን ሙቀት አስልተው አወጡ። በ100 ዲግሪ፣ ማለትም ውሃ በሚፈላበት ሙቀት፣ ጠንካራውን ስፖር ለመጨረስ 330 ደቂቃ ይፈጃል። በ120 ዲግሪ ግን 4 ደቂቃ ይበቃል። ስለዚህ ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ማቆየት የትም አያደርስም፤ በግፊት የሚሠራ የእንፋሎት ማብሰያ የግድ ነው። ዛሬ የታሸገ ምግብ ፋብሪካ ስንገባ ከሁሉ በፊት የሙቀት መዝገቡን የምንጠይቀው ከዚህ ተነስተን ነው።

በ1925 ካሊፎርኒያ የማሸጊያ ፋብሪካዎች ቁጥጥር ሕግ አወጣች። የቁጥጥሩን ወጪ የሚሸፍኑት ፋብሪካዎቹ ናቸው። ተቆጣጣሪውን የሚያዘው ግን የጤና መሥሪያ ቤቱ ነው። ከፋዩ ሌላ፣ አዛዡ ሌላ።

አሁን ወደ እኛ ቤት። እንደምታውቁት ዘንድሮ አንድ የምግብ ድርጅት የስልጠናችንን ወጪ ልሸፍን ብሎ መጣ። ስሙን አላነሳም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሥራ አስፈጻሚው ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ፤ ካዝናችን ባዶ ነበራ! ቆይቶ ግን ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። በስልጠናው የሚቀርቡትን ጽሑፎች አስቀድመን እንይ፣ አሰልጣኞቹንም አብረን እንምረጥ የሚል ነበር። እምቢ አልን። ገንዘቡም ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቴሌግራም ግሩፓችን አይታችኋል። ግማሹ «በሬ ካራጁ ይውላል» እያለ መጀመሪያውኑ ከድርጅት ጋር መነጋገራችን ነውር ነው አለን። ግማሹ ደግሞ ግትር ናችሁ፣ ሜየርም ከአሻጊዎች ተቀብለዋል አለን። አዎ፣ ተቀብለዋል። ነገር ግን ስንት ደቂቃ መቀቀል እንዳለበት የወሰነው ስፖሩ እንጂ ከፋዩ አልነበረም። ውጤቱም ታትሞ ወጥቷል፤ ያስደሰተውም ያስቀየመውም አነበበው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ነገም ቢመጣ እኔ ፈራሚ ነኝ። ጽሑፋችንን ቀድሜ ልይ የሚል ገንዘብ ግን እኔ ሊቀመንበር እስከሆንኩ ድረስ አይገባም። የማይስማማ ካለ ዛሬ እዚሁ ይናገር፤ በግሩፕ ላይ በሌሊት አይጻፍ።

ደግሞ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በግሩፑ ላይ ረጅም ረጅም መልእክት የጻፉት፣ ስለ ሙያ ክብር ያስተማሩን ወንድሞችና እህቶች፣ እስቲ ዛሬ የት ናቸው? የፊተኛውን ረድፍ ተመልከቱት። ባዶ ነው። ወንበሩ ላይ የስም ካርድ አለ፣ ባለቤቱ የለም። ሒሳብ ሹማችንን መዝገቡን እንዲያሳየኝ ጠይቄ ነበር። በጣም ከጮኹት መካከል የዓመቱን መዋጮ የከፈለ ብዙ የለም። ከድርጅት አትቀበሉ ትላላችሁ፣ እናንተም አትከፍሉም። እና በምን እንሠልጥን? በጸሎት?

ይህን ንግግር ለሌሉት እንደሚልኩላቸው አውቃለሁ። ላኩላቸው። የጋሼነትና የእትዬነት ክብራችሁ እንደተጠበቀ ነው። አብራችሁን ቄራ ውስጥ የቆማችሁ፣ በለሊት ተነስታችሁ ጉበትና ሳንባ የመረመራችሁ፣ ባለ ንብረት እየተቆጣ «ይህ ስጋ አይወጣም» ብላችሁ ማኅተም የከለከላችሁ ናችሁ። እኔን ያስተማራችሁኝም አላችሁ። ለዚያ ነው የምቆጣው። ለማላውቀው ሰው አልቆጣም ነበር።

ወጣቶቹን ግን ላመስግን። ስልጠናው ገንዘብ ሲያጣ አዳራሽ በነፃ ለምነው፣ ሙቀት መለኪያውን ከየመሥሪያ ቤታቸው ተውሰው አስኬዱት። የስብሰባ አበል አልጠየቁም። እነሱ ዛሬም ከኋላ ቆመዋል፤ ኧረ ግቡ፣ ወንበር አለ!

ለዛሬ የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ አጭር ነው። ማህበሩ ከድርጅት ድጋፍ የሚቀበለው በይዘቱና በአሰልጣኝ ምርጫው ላይ እጁን የማያስገባ ከሆነ ብቻ ይሁን፣ ውሉም ለአባላት ሁሉ ይታይ ይላል። ክርክሩ ከሻይ በኋላ ነው። ድምፅ የሚሰጠው መዋጮውን የከፈለ አባል ብቻ ነው፤ ደንባችን አንቀጽ አለው፣ እኔ አልፈጠርኩትም። ሒሳብ ሹማችን ደረሰኝ ይዘው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

ጉባኤው ተከፍቷል።