የፀደይ ሻማ፦ ቅጠሉ ከእሳቱ ይራቅ

ሄለን፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ማርች 20 እየደረሰ ነው፤ በእኛ መጋቢት 11። ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ጊዜ ነው። እዚህ እንግሊዝ ይህን ቀን ኦስታራ ብለው የሚያከብሩ አሉ፤ ዛሬ እነሱ ቤታቸው ስለሚሠሩት ሻማ ነው የምናወራው።

ዮናስ፦ ብዙ ናቸው እንዴ?

ሄለን፦ አብዛኞቹ ፔጋን ነው የሚባሉት፤ ከክርስትና በፊት የነበሩትን የአውሮፓ እምነቶች ለማደስ የሚሞክሩ ናቸው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ 74 ሺህ ያህል ሰው ሃይማኖቱን ፔጋን ብሎ አስመዝግቧል። ስቶንሄንጅ ወደሚባለው ጥንታዊ የድንጋይ ክበብ ሄደው ድንጋዮቹ መሀል ቆመው ፀሐይ ስትወጣ የሚጠብቁ አሉ። ቤት የሚያከብሩት ደግሞ አንዲት ጠረጴዛ ያሰናዳሉ፤ እንቁላል፣ ዘር፣ የወቅቱ አበባ፣ ሻማ።

ዮናስ፦ በጣም ጥንታዊ በዓል ነው ሲባል እሰማለሁ።

ሄለን፦ በከፊል ነው። ቤዳ የሚባል በሰሜን እንግሊዝ የኖርተምብሪያ መነኩሴ በ725 በጻፈው የዘመን አቆጣጠር መጽሐፍ ላይ፣ ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ኤኦስትሬ ለምትባል አምላክ በኤፕሪል ወር ድግስ ያደርጉ ነበር ይላል። ከዚያ በላይ እምብዛም አልነገረንም። ዓመቱን በስምንት በዓላት የሚከፍለው የዛሬው ሥርዓት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለዚህ ቀን ኦስታራ የሚለውን ስም የሰጠውም ኤይደን ኬሊ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ1974። እኔ ግን አዲስ ስለሆነ አልንቀውም። ለንደን ዲሴምበር ላይ ቀኑ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት እኮ አንድ ሰዓት ገደማ ነው! ያንን ጨለማ ከርሞበት የወጣ ሰው ብርሃን ሲመለስ ቢደሰት አይገርመኝም።

ዮናስ፦ ይሄ የእኛ እምነት አይደለም የሚሉ አድማጮች ይኖራሉ።

ሄለን፦ ልክ ናቸው፣ እኔም አላከብረውም። ጎረቤቴ ግን ታከብረዋለች፤ ሻማውን አብረን እንሠራለን። ሙያው ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጧፍ እኮ ፈትል ሰም ለብሶ ነው።

ዮናስ፦ እሱስ እውነት ነው። ጠጅ ተጠምቆ የሚተርፈው ሰፈፍ ቀልጦ፣ ተጣርቶ፣ ሰም ይሆናል። እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። ከየት ነው የሚጀመረው?

ሄለን፦ ከቅጠሉ። ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ኢንስታግራም ላይ ታያለህ አይደል፣ ሻማው ዙሪያውን የደረቀ ላቬንደር፣ ሮዝመሪ (የእኛው የጥብስ ቅጠል)፣ አበባ ተለጥፎበት፤ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ ክሩ ሥር ተነስንሶበት። ሲታይ ያምራል። እንዳይለኮስ ግን!

ዮናስ፦ ለምን? ትንሽ ቅጠል ምን ያደርጋል?

ሄለን፦ ሻማ እንዴት እንደሚነድ አስብ። ሰሙ ይቀልጥና በክሩ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ይተንና ያ ተን ነው የሚነደው። ደረቅ የሮዝመሪ እንጨት የቀለጠ ሰም ውስጥ ሲገባ እሱም ሰሙን ይስባል። በቃ፣ ሁለተኛ ክር ሆነ ማለት ነው። አንድ ነበልባል የነበረው ሦስት አራት ይሆናል፤ ብርጭቆ ውስጥ ከሆነ ብርጭቆው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ዮናስ፦ ታዲያ የቅጠል ሻማ ያለ ቅጠል?

ሄለን፦ ቅጠሉ ሽታውን ለሰሙ ይስጥ፣ ከዚያ ይውጣ። 500 ግራም የንብ ሰም ትወስዳለህ። ትልቅ ድስት ውስጥ ውሃ አድርገህ፣ ሰሙን በትንሽ ዕቃ ውሃው ላይ ታስቀምጣለህ፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። የንብ ሰም 62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ቴርሞሜትር ይኑርህ፣ ከ85 በላይ ከሄደ ቀለሙ መጥቆር ይጀምራል። እንደቀለጠ አንድ እፍኝ በደንብ የደረቀ የጥብስ ቅጠል ወይም ጦስኝ ትጨምርና 70 አካባቢ አንድ ሰዓት ያህል ታቆየዋለህ። ከዚያ በጥጥ ጨርቅ ታጠልለዋለህ።

ዮናስ፦ ለምን የደረቀ? እርጥብ አይሻልም?

ሄለን፦ እርጥቡ ውሃ አለው። ውሃ ያለበት ሻማ ሲነድ ይንጣጣል።

ዮናስ፦ ሽታውስ ይበቃል?

ሄለን፦ እውነቱን ልንገርህ፣ ከቅጠሉ ብቻ የሚመጣው ስስ ነው፤ የሰሙ የራሱ የማር ሽታም ይጫነዋል። ጠንከር እንዲል ከፈለግክ የላቬንደር ወይም የሮዝመሪ ዘይት ጨምር፤ ከሰሙ ክብደት 3 በመቶ፣ ለ500 ግራም 15 ግራም። ልትቀዳ ስትል ነው የሚጨመረው፣ ቀደም ብሎ ከገባ ይተናል። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ግን ዘይቱ ይቅር።

ዮናስ፦ ሲቀዳስ?

ሄለን፦ ዕቃው ለብ ያለ ይሁን፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ሰሙ ቶሎ ይሰበሰብና ይሰነጠቃል። ፍሪጅ ውስጥ አታስገባው፣ ራሱ ይቀዝቅዝ። ክሩ የተገመደ ጥጥ ይሁን፤ ከመለኮሱ በፊት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ አስቀርተህ ቁረጠው።

ዮናስ፦ ውበቱ ግን ቀረብኝ። ያ የተለጠፈው ቅጠል ዓይን ይስባል።

ሄለን፦ እሱም መላ አለው፣ እንዲያውም እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው። ሻማው ከረጋ በኋላ ጎኑን ለብ ባለ የፀጉር ማድረቂያ ታሞቀዋለህ፣ ጣት ሲነካው የሚሰረጉድ እስኪሆን። ከዚያ የፈርን ቅጠል፣ ወይም የጤና አዳም፣ ጀርባውን ወደ ሰሙ አድርገህ በአውራ ጣትህ ትጫነዋለህ። ቀስ ብለህ ስትልጠው ደም ሥሩ ሁሉ፣ ጠርዙ ላይ ያለችው እጥፋት እንኳ ሳትቀር፣ ሰሙ ላይ ታትማ ትቀራለች። ቅጠሉ ግን የለም። ስትለኩሰው ብርሃኑ ከጎን ሲመታው መስመሩ ጎልቶ ይታያል።

ዮናስ፦ ይሄስ ደስ ይላል። እሳት ቢነሳስ?

ሄለን፦ ድስቱ ላይ ከሆነ ክዳን ድፋበት፣ ምድጃውን አጥፋ። ውሃ በፍጹም! የጋለ ሰም ላይ ውሃ ከፈሰሰ እሳቱን ይረጨዋል። ስለዚህ ገና ሳትጀምር ክዳኑ አጠገብህ ይሁን። ሰም እሳት ላይ ትቶ ስልክ ለማንሳት መሄድም የለም።

ዮናስ፦ ከሥራው በኋላ ድስቱ ላይ የተረፈውስ?

ሄለን፦ ትኩሱን ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አትድፋው፣ ቱቦው ውስጥ ይረጋና ይዘጋዋል። ሞቅ እንዳለ በወረቀት ጥረገው፤ ወፈር ያለውን ግን እንዲረጋ ተወውና ለሚቀጥለው ሻማ አስቀምጠው፣ የንብ ሰም አይበላሽም።