አብሮ ይስጥልን

እሺ… ቀይዋ መብራት በርታለች። እየተቀዳ ነው።

እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የሊፍቱን ነገር እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር፤ ብዙዎቻችሁም ጠይቃችሁኛል። ሊፍቱ ገና አልተሠራም። እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን። ማክሰኞ ማታ የሆነ ነገር አለ። ዛሬ አርብ ነው፤ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ካልተናገርኩት የሚለቀኝ አልመሰለኝም።

ስለ እማዬ ነው። እማዬን ታውቋታላችሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ማንም እንዲያወራ አትፈቅድም። ዜና አንባቢው «ጤና ይስጥልኝ» ሲል ደግሞ «አብሮ ይስጥልን» ብላ ትመልሳለች። ሁልጊዜ። እኔ ልጅ ሆኜም እንደዚሁ ነበረች። ቡና እየቀዳችም ቢሆን ቀና ብላ ነው የምትመልሰው።

ማክሰኞ ዲሹ አልሠራ አለ። ዜናው እንዳያመልጣት ብዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ዩቲዩብ ከፈትኩላት። አንዱን ዜና አየች። ሲያልቅ ራሱ ቀጣዩን አመጣ። የማላውቀው ቻናል ነው። አንዲት ሴት ብቅ አለች። ቆንጆ ናት። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ ከኋላዋ የከተማ መብራት ይታያል። «ጤና ይስጥልኝ ተመልካቾቻችን» አለች።

እማዬ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና አለች። «አብሮ ይስጥልን ልጄ» አለች።

እኔ ወዲያው ነው ያወቅኩት። ሰው አይደለችም፤ ኮምፒውተር የሠራት ምስል ናት። ከነጠላዋ ነው ያወቅኩት። አንገቷን ዞር ስታደርግ ጥለቱ ይቀልጣል። አረንጓዴ የነበረው መስመር ሰማያዊ ይሆናል፤ መስቀል የነበረው አበባ ይሆናል። ከዚያ ከንፈሯን አየሁ። «መ» ስትል አይገጥምም።

ቀጥላ «የዕለቱ ዋና ዋና ዜናዎች» አለች። አላላችው። ሁለቱንም። ውሃ ውስጥ የሚዋኘውን ዋና ነው ያለችው።

እማዬ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ዋና በይ የኔ ልጅ፣ ጠበቅ አድርጊው» አለቻት። በቁጣ አይደለም። እኔን ፊደል ስታስቆጥረኝ በነበረው ድምጽ ነው። ትንሽ አየቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ፣ ይቺ ልጅ ምነው ትንፋሽ አትወስድም?»

«አዲስ ናት» አልኳት።

«ፈርታ ነዋ» አለች። ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። «አይዞሽ፣ እግዜር ያበርታሽ።» ከዚያ ወደ ነጭ ሽንኩርቷ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ የሆነ ነገር የለም።

ግን ለምን «አዲስ ናት» አልኩ? መጀመሪያ ለራሴ የነገርኩት፣ ማስረዳቱ ደክሞኝ ነው ብዬ ነው። ውሸት ነው። ለእማዬ ብዙ ነገር አስረድቻለሁ። የባንክ አፕሊኬሽን አስረድቻት አሁን ከእኔ ፈጥና ነው የምትልከው። ቀጥሎ እንዳታፍር ብዬ ነው አልኩ። ይሄም ልክ አልመጣልኝም። እማዬ ምኑ ያሳፍራታል? አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱን ትልልቅ ጉድለቶች ያገኘችው እሷ ናት። ትንፋሹን እና ማጥበቁን።

የማጥበቁ ነገር… ቆይ፣ ይሄን ልበለው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «ገና» ተብሎ ይጻፋል። በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ነገር፣ የሚያውቀው አንባቢው ነው። «አለ» ተብሎ ይጻፋል። ሰውየው ተናገረ ነው ወይስ ሰውየው በሕይወት አለ? ለዜና አንባቢ ይሄ ቀልድ አይደለም። ቴሌቪዥን ጣቢያ አብሬያት የሠራሁት ዜና አንባቢ ስቱዲዮ ከመግባቷ በፊት ወረቀቱን በእስክሪቢቶ ታየው ነበር። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ትንሽ ነጥብ። ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ላይ ትንሽ ጭረት። ስም ሲመጣላት ሪፖርተሩን ጠርታ ትጠይቃለች። የአንድ ቀበሌ ስም ለማረጋገጥ እዚያ አካባቢ ለተወለደ የጥበቃ ሠራተኛ ስትደውል አይቻለሁ። «የሰው አገር ስም ነው፣ ሲሰሙት ያማቸዋል» ትል ነበር።

ፕሮምፕተር ላይ፣ ለዜና አንባቢ ጽሑፉን የሚያሳየው መሣሪያ ላይ፣ ሦስት ዓመት እንደሠራሁ ታውቃላችሁ። ካሜራው ፊት በ45 ዲግሪ ያጋደለ መስታወት አለ። ከሥሩ ያለው ስክሪን ጽሑፉን ገልብጦ ያሳያል፤ መስታወቱ ያቀናዋል። አንባቢዋ መስታወቱን ስታይ ተመልካቹን ያየች ትመስላለች። ሰው የሚያስበው አንባቢዋ ጽሑፉን እንደምትከተል ነው። ተቃራኒው ነው። ጽሑፉን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ እሷን የምከተላት። ስትቀንስ እቀንሳለሁ። ስትፈጥን እፈጥናለሁ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚለመደው ትንፋሿ ነው። ጉንፋን ሲይዛት ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነበርኩ። ያለቀሰች ቀንም አውቃለሁ። ሜካፑ ይሸፍነዋል፤ ትንፋሹ ግን ያጥራል።

እና እማዬ ይሄን ሥራ ሳትሠራ፣ ሶፋ ላይ ሆና ነው የያዘችው። «ምነው ትንፋሽ አትወስድም?»

አንድ ነገር ነግሬያችሁ አላውቅም። ያቺ አንባቢ በእድሜ ትበልጠኛለች፤ ግን «እርስዎ» ስላት ትቆጣ ነበር። አንድ ቀን ሜካፕ ክፍል ቁጭ ብላ ሳለ «እናቴ እኮ ጤና ይስጥልኝ ስትዪ ትመልስልሻለች» አልኳት።

«ምን ብላ?»

«አብሮ ይስጥልን ብላ።»

ዝም አለች። መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። ዱቄቱን የምትቀባት ልጅ እጇን አቆመች። ከዚያ ሰዓት ደረሰ፣ ገባን።

የዚያን ቀን ማታ «ጤና ይስጥልኝ» አለች። ከዚያ… ዝም። አንድ፣ ሁለት። ዳይሬክተሩ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። «ፕሮምፕተር! ቆሟል እንዴ?» አልቆመም። ጽሑፉ ፊቷ ነው። መስታወቱን እያየች ነው፣ ትንሽ ፈገግ ብላለች። ከዚያ ቀጠለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁልጊዜ እንደዚያ ሆነ። «ጤና ይስጥልኝ» ትልና ትጠብቃለች። ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ ነገራት፤ ከዚያ ተወው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ እማዬ ቤት ውስጥ ምን አለች መሰላችሁ? «ይቺ ልጅ ጨዋ ናት። ታስጨርሰኛለች።»

እኔ ለእማዬ አልነገርኳትም። እኔ ነኝ የነገርኳት አላልኩም። እስከ ዛሬ አታውቅም። ይሄን ሳስታውስ ነው የማክሰኞው ነገር የባሰ የከበደኝ። ያኔም ዝም ብያለሁ፣ አሁንም ዝም ብያለሁ። የያኔው ዝምታ ደስ ይለኛል። የአሁኑ ለምን እንደሚቆጠቁጠኝ… ምናልባት ያኔ ከመስታወቱ ወዲያ ሰው ስለነበረ ይሆን? እንጃ። ይሄንን እያሰብኩት ነው።

እስቲ አንዱን የማታ ዜና አስቡት። ሪፖርተር አለ፣ ካሜራማን አለ። ተረኛ ኤዲተር አለ። ቪዲዮ የሚቆርጠው፣ ግራፊክስ የሚሠራው፣ ድምጽ ላይ ያለው፣ ስዊቸሩ ላይ ያለው፣ መብራት የሚያስተካክለው። ሜካፕ። እኔ። ከሁሉ በኋላ የሰርቪስ ሹፌሩ። ሹፌሩን አልረሳውም። ዜናው ሲተላለፍ መኪናው ውስጥ እየጠበቀን ስለሆነ አያየውም። ስንገባ «ዛሬ ምን አለ?» ይላል። አንባቢዋ ጫማዋን አውልቃ ትነግረዋለች። ያለ ወረቀት፣ በራሷ አማርኛ። «የጤፍ ዋጋ ይቀንሳል ብለዋል፣ እንዴት እንደሚቀንስ ግን አላሉም።» «እዚያ መንገድ ላይ አደጋ ደርሷል፣ ወንድምህ ያለው እዚያ አካባቢ አይደል? ደውልለት።» በሕይወቴ የሰማሁት ምርጥ ዜና እዚያ መኪና ውስጥ የሰማሁት ነው። ይሄን ከልቤ ነው የምላችሁ። ስቱዲዮ ውስጥ እንደዚያ ብታነብ ምን ነበረበት እያልኩ ብዙ አስቤያለሁ።

ስቱዲዮውንም እወደው ነበር። ፊት ለፊቱን ማለቴ አይደለም። አሁን ሁሉም ጋ ስክሪኑ ትልቅ ነው፤ ከኋላ መብራቱ ይሮጣል፤ ዓይን የሚያርፍበት የለም። እኔ የምወደው የጠረጴዛውን ጀርባ ነበር። ፊቱ ያበራል፣ ጀርባው ያልተቀባ ጣውላ ነው። ሽቦ አለ፣ የውሃ ብርጭቆ አለ፣ የደከመ እግር የሚያርፍበት ነጠላ ጫማ አለ። የማክሰኞዋ ሴትዮ ጠረጴዛ ጀርባ የለውም። ይሄ ነው ያናደደኝ መሰለኝ። አዎ፣ ተናድጃለሁ። ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ? ያ ሹፌር ማንን ነው የሚጠብቀው?

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ቻይና ውስጥ የሺንዋ ዜና አገልግሎት እንደዚህ ዓይነት አንባቢ ያሳየው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2018 ነው። በእውነተኛ ዜና አንባቢዎች መልክ ነው የሠሩት። በ2023 ደግሞ ኩዌት ውስጥ «ፌድሃ» የምትባል አሳዩ። በዚያው ዓመት ሕንድ ውስጥ «ሊዛ»። በኦዲያ ቋንቋ ነው የምታነበው። ሕንድም ውስጥ ሰላምታ የሚመልሱ እናቶች ይኖራሉ።

እዚያ ሁሉ ቦታ ግን ቢያንስ ማሽን ነው ብለው ነው ያስተዋወቁት። ይሄ ሰው አይደለም ብለው። ማክሰኞ ያየነው ቻናል ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ወርጄ ፈልጌያለሁ። የለም። «ተመልካቾቻችን» ነው የሚለው። የማን ተመልካቾች?

የእኛ ቴሌቪዥን በእኛ አቆጣጠር በ1957 ነው የጀመረው፤ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ። እማዬ ልጅ ነበረች። ሰፈራቸው ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ በመስኮት ነበር የሚያዩት። ከለር የመጣው በ1977፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሰሞን ነው። የሰላምታውን ነገር ከአያቴ ነው የወሰደችው። አያቴ «ቤትህ ገብቶ ሰላም ያለህን ሰው ዝም አትለውም» ትል ነበር። ይሄ እንግዲህ… ይሄ ነው። ቤትህ የገባ ሰው።

ነሐሴ 15 ቀን 2004 ጠዋት አቶ መለስ ማረፋቸው ሲነገር ከእማዬ ጋር ነበርኩ። ስማቸው ሳይጠራ «አንድ ነገር አለ» አለች። ከአነባበቡ ነው ያወቀችው። እሷ ዜናውን የምትሰማው ከቃሉ ቀድማ ነው። ከማክሰኞዋስ ምን ልትሰማ ነው? ያቺ ሴትዮ የሰው ሞትም ብታነብ ያው ናት፣ የአበባ ኤግዚቢሽንም ብታነብ ያው ናት። ግን ቆይ፣ ስንት ሰው እንደዚያ ያነብ የለ? ሰው ሆኖ ትንፋሽ እየወሰደ፣ ምንም ሳይሰማው የሚያነብ አይቻለሁ። አጠገቡ ቆሜ። ስለዚህ ትንፋሹ ብቻ አይደለም ማለት ነው። አላውቅም። ይሄኛው ሐሳብ የት እንደሚወስደኝ አላየሁትም፣ ልተወው።

ትናንት ዲሹ ተሠራ። 2 ሰዓት ሆነ። እማዬ ተቀመጠች። ሰላምታ መለሰች። ዜናው አለቀ። «ደህና እደሩ» ሲባል «ደህና እደሩ» አለች። ከዚያ ሪሞቱን ይዛ ትንሽ ቆየች።

«ያቺ አዲሷ ልጅ ዛሬ የለችም?»

«ተራዋ አይደለም» አልኩ።

ሁለተኛ ውሸት። አፌ ራሱ ነው ያለው።

«አስባታለሁ» አለች። «ተቆጥተዋት እንዳይሆን። ገና ልጅ ናት እኮ።»

ሌሊት ስለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። እማዬ ለአንድ ሰው እየጸለየች ነው። ሰውየው የለም። ጸሎቱ የት ነው የሚሄደው? ይሄ የልጅ ጥያቄ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ከልቤ ነው የምጠይቀው። ያኔ «እግዜር ይስጥሽ» ስትል ቢያንስ በማግስቱ ሜካፕ ክፍል አደርስላት ነበር። መልእክተኛ ነበርኩ። አሁን የማደርስላት ሰው የለም።

ልንገራት? ብነግራት ምን ትሆናለች? ልትስቅ ትችላለች። «ለዚህ ነው ለካ ያልጠበቀላት» ልትል ትችላለች። የምፈራው ግን ሌላውን ነው። ከዚያ በኋላ ለማንም ባትመልስስ? በየማታው ቀና ብላ፣ መጀመሪያ ሰው መሆኑን አለመሆኑን ብታጣራስ? ነጠላውን፣ ከንፈሩን፣ ትንፋሹን እያየች… ሰላምታው አልፎ ይሄዳል።

ቅድም ልቀዳ ስገባ ኩሽና ነበረች። «ምን ልታወራ ነው ዛሬ?» አለችኝ። «ስለ ዜና» አልኩ። «ስለዚያች ልጅም ንገርልኝ» አለች። «ሰዎቹ እንዲታገሷት።»

እና ይኸው… ነገርኩላት።

ስንት ሰዓት ሆነ? 2 ሊሆን 6 ደቂቃ ይቀራል። ሪሞቱ እኔ ጋ ነው ያለው፣ እየፈለገችው ይሆናል። ቆይ…