ሦስተኛ መውጣት የፈለገው ልጅ

እሷ፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለምንወዳቸው ፊልሞች ነው። በተለይ ደግሞ ካየናቸው ስንት ዓመት አልፎ እንኳን ከውስጣችን አልወጣ ስላሉት።

እሱ፦ አምስት አምስት መርጠን እንድንመጣ ተስማምተን ነበር። እኔ መርጫለሁ። ወረቀቴ ይኸው።

እሷ፦ እኔ አንድ ብቻ ነው ያለኝ።

እሱ፦ አንድ?

እሷ፦ አንድ። ትናንት ማታ ልጽፍ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያውን እንደጻፍኩ ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ። ስለዚህ አንተ ጀምር።

እሱ፦ እሺ። አንደኛ፣ «የብስክሌት ሌቦች»። በፈረንጆቹ 1948 የወጣ የጣሊያን ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ይባላል። ሥራ አጥቶ የከረመ አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ግን ያለ ብስክሌት አይሆንም። ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላቸውን ገፍፋ አስይዛ ታስለቅቅለታለች። ሥራ በጀመረበት ቀን ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ አባትና ትንሽ ልጁ ሮምን ሲያስሱ ነው የምናየው።

እሷ፦ ይቅርታ፣ ላቋርጥህ ነው።

እሱ፦ ገና ጀመርኩ እኮ!

እሷ፦ አውቃለሁ። ግን ትንሽ ልጅ ስትል፣ የጠፋ ነገር ፍለጋ ስትል፣ የኔው መጣብኝ። ካልነገርኩህ አንተን መስማት አልችልም።

እሱ፦ በይ እሺ፣ ቀጥይ።

እሷ፦ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ አሥራ አንድ። ከሰው የተዋስነው ሲዲ ነበር። ፊልሙ «የሰማይ ልጆች» ነው፣ የኢራን ፊልም። ማጂድ ማጂዲ በ1997 የሠራው። እኛ ያኔ ይሄን ሁሉ አናውቅም። ቋንቋውንም አናውቅም። ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ወንድሜ እየቆራረጠ ይነግረኛል። ግማሹን ከራሱ እየጨመረ እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

እሱ፦ ታሪኩን ለማያውቁት ንገሪያቸው።

እሷ፦ አሊ የሚባል ልጅ የእህቱን የዛህራን ጫማ ያሰፋል። ወደ ቤት ሲመለስ አንድ ሱቅ ይገባና ጫማውን ደጅ ያስቀምጣል። ቆሻሻ የሚሰበስብ ሰው ሳያውቅ ጠርጎ ይወስደዋል። ቤት ውስጥ ገንዘብ የለም። እናት ታማለች። ለአባታቸው ቢናገሩ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ። ስለዚህ የአሊን ሸራ ጫማ ለሁለት ያደርጉታል። እሷ ጠዋት ትማራለች፣ እሱ ከሰዓት። ከትምህርት ቤት ሩጣ ትመጣለች፣ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ይጠብቃታል፣ እዚያው አውልቃ ትሰጠዋለች። እሱ ደግሞ አድርጎ ይሮጣል። ሁሌም ያረፍዳል።

እሱ፦ በየቀኑ?

እሷ፦ በየቀኑ! ጫማው ለእሷ ሰፊ ነው። አንድ ቀን ስትሮጥ አንዱ ከእግሯ ይወልቅና ቦይ ውስጥ ይገባል። ውሃው ይወስደዋል። እሷ ከጎን ከጎኑ ትሮጣለች። እጇን ትሰዳለች፣ ያመልጣታል። ደግማ ትሰዳለች፣ ያመልጣታል። እኔ እኮ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እጄን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግቼ ነበር። ወንድሜ እስከዛሬ ያንን ያነሳብኛል።

እሱ፦ እኔም ብሆን እዘረጋ ነበር።

እሷ፦ ከሁሉ በላይ ግን ደብተሩ። የጠፋው ቀን ማታ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ አባትና እናት እዚያው ቁጭ ብለዋል። ልጆቹ የቤት ሥራ የሚሠሩ ይመስላሉ። የሚጻጻፉት ግን ስለ ጫማው ነው። እሷ ትጽፋለች፣ ደብተሩን ገፋ ታደርግለታለች። እሱ ይጽፋል፣ ይመልስላታል። በመጨረሻ እርሳስ ይሰጣታል፣ ዝም እንድትልለት። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ በደብተር መጻጻፍ ጀመርን። ምስጢር ሲኖረን፣ ምስጢር ሳይኖረንም። «ውሃ ጠምቶሃል?» ብዬ እጽፍለታለሁ። ከጎኔ ነው የተቀመጠው።

እሱ፦ (ይስቃል) መልሱስ?

እሷ፦ «አዎ፣ አምጪልኝ።» በጽሑፍ።

እሱ፦ እሺ፣ ወደ ርዕሳችን እንመለስ። ፊልሙ ለምን ከውስጥሽ አልወጣም?

እሷ፦ ቆይ፣ ዋናው ገና ነው። አሊ የሩጫ ውድድር እንዳለ ይሰማል። ለሦስተኛ የሚሰጠው ሽልማት ሸራ ጫማ ነው። ስለዚህ እህቱን ሦስተኛ እወጣለሁ ይላታል። አንደኛ አይደለም፣ ሁለተኛ አይደለም። ሦስተኛ! ከዚያ ውድድሩ ይጀመራል። ይሮጣል። ትንፋሹ ይሰማል። እየሮጠ እህቱ ጫማውን ይዛ ስትሮጥ ትታየዋለች። ወደ መጨረሻው ተቃርበዋል፣ አራት አምስት ልጆች አንድ ላይ ናቸው። እና ሲዲው ነከሰ።

እሱ፦ አይደረግም!

እሷ፦ ነከሰ። ምስሉ ተሰባበረ፣ ቆመ። አወጣነው፣ በልብሳችን ጠረግነው፣ መለስነው። እዚያው ቦታ ሲደርስ ቆመ። ሦስቴ አራቴ ሞከርን። አሊ አፉን ከፍቶ፣ አንድ እግሩ በአየር ላይ፣ እንደዚያው ቀረ።

እሱ፦ መጨረሻውን ሳታዩ?

እሷ፦ ለአሥራ አራት ዓመት።

እሱ፦ አሥራ አራት ዓመት!

እሷ፦ ለአሥራ አራት ዓመት ስንከራከር። እኔ ሦስተኛ ወጥቷል እላለሁ። መውጣት አለበት፣ ቃል ገብቶላታል። ወንድሜ ደግሞ ወድቋል ይላል፣ ጫማው ያረጀ ስለሆነ ይቀደዳል ይላል። ቤት ውስጥ «ሦስተኛ» ራሱን የቻለ ቃል ሆነ። ፈተና ስንፈተን «እንዴት ነበር?» ከተባልን «ሦስተኛ» እንላለን። የሚያስፈልገኝን አገኘሁ ማለት ነው።

እሱ፦ ሦስተኛ ትልቅ ነገር ነው ማለት ነው።

እሷ፦ በጣም ትልቅ!

እሱ፦ እንግዲህ እኔ አንድ ነገር ልበል። ፊልሙ ያልጠፋሽ ስላላለቀ ነው። ብሉማ ዛይጋርኒክ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበረች። በ1927 ያሳተመችው ጥናት አለ። ለሰዎች ትንንሽ ሥራ ትሰጣለች፣ ግማሹን ሳይጨርሱ ታስቆማቸዋለች። በኋላ ስትጠይቃቸው ይበልጥ የሚያስታውሱት ያልጨረሱትን ሆኖ አገኘችው። እርግጥ ከእሷ በኋላ የሞከሩት ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም። ግን ያንቺ ነገር እሱን ይመስላል። አእምሮሽ ፊልሙን አልዘጋውም።

እሷ፦ አልስማማም።

እሱ፦ ለምን?

እሷ፦ ስንት ፊልም ነው በግማሽ ትቼ የተኛሁት? አንዱም አይመጣብኝም። ያልጨረሱት ነገር ሁሉ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ጭንቅላቴ ይፈነዳ ነበር።

እሱ፦ ያ ስላልፈለግሽው ነው። ይሄንን ግን ፈልገሽ ነው ያጣሽው። ያላየሽው ነገር ነው ውስጥሽ የሚቀረው። የኔን ሁለተኛ ፊልም ተመልከቺ፣ «ጆውስ»፣ 1975፣ ስቲቨን ስፒልበርግ። ስለ ሰው በላ ሻርክ ነው። የሠሩት ሰው ሠራሽ ሻርክ የባሕር ጨው ውሃ ሲነካው እየተበላሸ አስቸገራቸው። ስለዚህ ስፒልበርግ ብዙውን ትዕይንት ያለ ሻርኩ ቀረጸ። ውሃው ብቻ ይታያል። ሁለት ኖታ ሙዚቃ ይሰማል። ሻርኩ በደንብ እስኪታይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሰው ግን ውሃ መግባት ፈራ! ለምን? ያላየውን ራሱ ሞላዋ።

እሷ፦ እሱን እቀበላለሁ። የተደበቀው ይቀራል። ግን መጨረሻውን ሳየው ጭራሽ ባሰብኝ። ያንተ ሐሳብ ትክክል ቢሆን ኖሮ አይቼ መገላገል ነበረብኝ።

እሱ፦ አየሽው?

እሷ፦ አየሁት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ። ውድድሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል ብዬ ፈራሁ። አልቆመም፣ አለፈ። እና ምን ሆነ መሰለህ?

እሱ፦ ሦስተኛ?

እሷ፦ አንደኛ።

እሱ፦ አንደኛ ወጣ?

እሷ፦ አንደኛ! አስተማሪዎቹ ይሸከሙታል፣ ፎቶ ያነሱታል። እሱ ይጠይቃል፣ ሦስተኛ ወጣሁ ወይ ብሎ። አንደኛ ነህ ይሉታል። ፊቱ ይወድቃል። ያለቅሳል። ሁሉም የደስታ ይመስላቸዋል።

እሱ፦ ውይ!

እሷ፦ ቆይ። አባትየው ሥራ አግኝቶ ነበር። ወደ ቤት ሲመለስ ብስክሌቱ ላይ ሁለት ጥንድ አዲስ ጫማ ተጭኗል። ለሁለቱም። እኛ እናያለን፣ ልጆቹ አያዩም። አሊ ቤት ይደርሳል። ዛህራ ፊቱን ታያለች፣ ምንም አትጠይቀውም፣ ትገባለች። ጫማውን ያወልቃል፣ ተበጣጥሷል። እግሩ ቆስሏል። ግቢው ውስጥ ያለው ገንዳ ውስጥ ይከተዋል። ቀያይ ትንንሽ ዓሦች ይመጡና እግሩን ይከቡታል። አለቀ።

እሱ፦ አለቀ? ጫማው እንደመጣ ሳይነግሩት?

እሷ፦ ሳይነግሩት። ስልኬን አንስቼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሌሊት ነው። «አንደኛ ወጣ» አልኩት። ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። «ጫማውስ?» አለኝ። አባቱ ገዝቷል፣ ልጁ ግን አላወቀም አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «አንድ ሰው ይንገረው እንጂ!» ብሎ ጮኸ። እውነት እየተናደደ።

እሱ፦ ቆየኝ፣ ይሄ እኮ የኔን ነው የሚያጠናክረው። ፊልሙ ራሱ አልዘጋውም። ሲዲው ባይነክስም ዳይሬክተሩ አስቀርቶብሻል።

እሷ፦ እምም።

እሱ፦ እምም ማለት ምን ማለት ነው?

እሷ፦ ትንሽ እውነት አለህ ማለት ነው። ትንሽ። ግን እኔ የሚመስለኝ ውስጤ የቀረው ክፋት የሌለበት ስለሆነ ነው። አስበው፣ ማንም መጥፎ ሰው የለም። ዛህራ ጫማዋን አንዲት ልጅ እግር ላይ ታየዋለች። ከአሊ ጋር ቤቷ ድረስ ተከትለው ይሄዳሉ። የልጅቷ አባት ዓይነ ስውር ነው። እንደነሱ ድሃ ናቸው። ተያይተው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ይመለሳሉ። ያንን ሳይ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ የራሴ ነገር ሲጠፋብኝና ሌላ ሰው ጋ ሳየው፣ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ ደጃፍ ነው። ይሄን ደግሞ ከጅምሩ አይቼዋለሁ፣ ሲዲው አልነከሰውም።

እሱ፦ እሱ ላይ መልስ የለኝም። የኔም ከዚህ ይገናኛል፣ ልጨርሰው?

እሷ፦ ብስክሌቱ! ረሳሁት። ጨርስ ጨርስ።

እሱ፦ አባትየው ብስክሌቱን ያጣዋል። በመጨረሻ ተስፋ ይቆርጥና ልጁን ሂድ ብሎ ልኮት፣ ራሱ የሰው ብስክሌት ይሰርቃል። ወዲያው ይያዛል። ልጁ አልሄደም፣ ሁሉን አይቷል። ሰዎቹ አባቱን ሲጎትቱት፣ በጥፊ ሲሉት ያያል። ባለቤቱ ልጁን አይቶ ይተወዋል። አባትና ልጅ ሕዝብ መሀል ይሄዳሉ። አባትየው ያለቅሳል። ልጁ እጁን ይይዘዋል።

እሷ፦ እጁን ብቻ?

እሱ፦ እጁን ብቻ። አይናገርም። ደግሞ ያ አባት የሆነው ሰው ተዋናይ አልነበረም፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፣ ላምቤርቶ ማጆራኒ። አንድ የአሜሪካ ፕሮዲውሰር ታዋቂው የሆሊውድ ተዋናይ ኬሪ ግራንት አባትየውን ሆኖ ከተጫወተ ገንዘቡን እችላለሁ ብሎ ነበር። ዴ ሲካ እምቢ አለ። እኔ ኬሪ ግራንትን እወደዋለሁ። ግን የዚያ ሰው አረማመድ፣ ትከሻው! ማን ሊያስመስለው ይችላል?

እሷ፦ ለዚህ ነው አንተ ደጋግመህ የምታየው?

እሱ፦ በየዓመቱ አየዋለሁ። በየዓመቱ ሌላ ሰው ይመስለኛል። መጀመሪያ ሳየው ልጁ ነበርኩ። አሁን አባትየው እየሆንኩ ነው።

እሷ፦ እኔ የኔን ዳግም አላየሁትም። አላይም።

እሱ፦ እሱ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አንስማማም። የሚወዱትን ነገር እንዴት ተመልሰው አያዩም?

እሷ፦ ከወንድሜ ጋር ከሆነ አያለሁ።

እሱ፦ እሱስ መጨረሻውን አየው?

እሷ፦ አላየም። ስንቴ ለመንኩት። ከነገርሽኝ ይበቃል ይላል። ባለፈው ልደቱ ላይ ደብተር ገዛሁለት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «እንየው?» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኔ ተቀምጧል።

እሱ፦ ምን ብሎ መለሰ?

እሷ፦ እርሳስ ሰጠኝ።

እሱ፦ (ይስቃል) እሺ፣ ሰዓታችን አልቋል። እኔ ሦስት ፊልም ቀርቶኛል።

እሷ፦ በሚቀጥለው ከሦስተኛው ትጀምራለህ።