የአባይ ጭነት የት ያድራል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ደለል ነው። አዎ፣ ስለ ጭቃ!

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። እሺ፣ አባይስ ማደሪያ አይኑረው፤ ጭነቱ ግን ብዙ ማደሪያ አለው። ሰሞኑን ያብከነከነኝ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው አባይ ደፍርሶ የሚወጣው ከጣና ይመስለዋል። አይደለም። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ከተራራው ያግበሰበሱትን አብዛኛውን ሐይቁ ውስጥና ዳር ዳሩን ያራግፉታል። ባህር ዳር ላይ የሚወጣው ውሃ ከገባው ይልቅ የጠራ ነው። አባይ እንደገና የሚደፈርሰው ከዚያ በታች፣ እነ በሽሎን፣ ጀማንና ሙገርን ሲቀበል ነው።

የፎገራ ሜዳ ራሱ ከዚህ ጭነት የተሠራ ነው። የጉና ተራራ አፈር ወርዶ ዛሬ ሩዝ ያበቅላል። የጉና ገበሬ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል እንጃ! ለፎገራም ቢሆን ሁሌ በረከት አይደለም። የርብ ወለል በደለል ሲሞላ ውሃው መውጫ አጥቶ ማሳና ቤት ያጥለቀልቃል።

ሐምሌ ላይ በዚያ ካለፋችሁ ጉማራ ድልድይ ጋ ወርዳችሁ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ቅዱ። አሸዋው ወዲያው ከሥር ይቀመጣል። ማኪያቶ የመሰለው ውሃ ግን አድሮም አይጠራም። ያ ረቂቁ ሸክላ አፈር ነው። ወንዝም እንደዚሁ ነው፤ ድንጋዩንና አሸዋውን ቅርብ ይጥላል፣ ረቂቁን ሩቅ ይወስዳል። የበሰበሰው ቅጠል፣ ገለባው፣ ፍጉ፣ አብዛኛው የሚሄደው ከዚህ ረቂቅ አፈር ጋር ተጣብቆ ነው። ዓይናችን ግንዱ ላይ ይቀራል እንጂ የማሳው ጉልበት የሚያልፈው በሥሩ ነው። ጣና ላይ የሚቀረው ደግሞ እምቦጭን ይቀልባል።

የሚያናድደው ጊዜው ነው። የጤፍ ማሳ ተደጋግሞ ታርሶ፣ ልሞ፣ ገና ምንም ሳይሸፍነው የሐምሌ ዝናብ ይወርድበታል። ስለዚህ ወንዙ ክፉኛ የሚደፈርሰው ሙላቱ ጫፍ ከመድረሱ ቀደም ብሎ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ውሃው ብዙ ቢሆንም አፈሩ ቡቃያ ለብሷል።

ሱዳኖች ይህን አሳምረው ያውቁታል። በ1966 እ.ኤ.አ. ያጠናቀቁት የሮዛሪስ ግድብ በ40 ዓመት ውስጥ ከመያዝ አቅሙ ከሲሶ በላይ በደለል ተወሰደበት። ስለዚህ ጎርፉ ሲበረታ በሮቹን ከፍተው ጭቃውን ያሳልፉና መሙላት የሚጀምሩት ወደ መስከረም ግድም ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግድቡን በ10 ሜትር ከፍ አደረጉት።

አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። እዚያ የደረሰ ጭቃ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። የሱዳን ግድቦች እፎይ ይላሉ፤ ከአባይ ጭቃ ጡብ እየሠሩ የሚኖሩት ሰዎች ግን ምን ይዋጣቸው? እኛም ጋ ቢሆን ግድቡ የቱንም ያህል ሰፊ ይሁን፣ ደለል የያዘውን ቦታ ውሃ አይይዘውም።

በበጋ የእርከን ዘመቻ ሲነሳ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው አውቃለሁ። አልፈርድበትም፣ ሥራው ወገብ ይቆርጣል። ዳገት ላይ ኩበቱም ከማሳው ተለቅሞ ይነዳል፣ አፈሩ ደግሞ ፍግ ካላገኘ ቶሎ ይፈርሳል። ቢሆንም እርከን ጀርባ የቆመ አፈር ከባለቤቱ ማሳ ሳይወጣ ጤፍ ያበቅላል። ግድብ ሥር የተኛውን ማን ወርዶ ያርሰዋል?

በሚቀጥለው ክፍል ተከዜን ይዤ እመጣለሁ። ደህና ሁኑልኝ።