በሆድ መደገፍ

እሺ። ዛሬም ጃክሃመር ነው፣ አርማታ የሚሰብረው የኤሌክትሪክ መዶሻ። «ደግሞ ካርቦን ልታወራ ነው» የምትሉኝ፣ አዎ፣ ካርቦኑም (ለሞተሩ መብራት የሚያቀብሉት ሁለቱ ቁርጥራጮች) ይመጣል፣ ታገሡ። ለጊዜው ግን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያቺ ቅጽበት። ፑንታው፣ ማለትም የሚሰብረው ሹል ብረት፣ አርማታው ውስጥ ገብቷል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ የሚሰበር ነገር የለም፤ ሰውየው ደግሞ... በሆዱ ይደገፍበታል። ለምንድን ነው ሰው ሁሉ እዚያች ላይ ሲደርስ የሚደገፈው?

ቀስ ብለን እንየው። ባለ 10 ኪሎው ነው እንበል፣ የፑንታ አያያዙ ኤስዲኤስ ማክስ የሚባለው፣ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው የፑንታው ጫፍ 18 ሚሊሜትር። ሞተሩ በማርሽ በኩል ክራንኩን ያዞራል፣ ክራንኩ ፒስተኑን ሲሊንደሩ ውስጥ ያመላልሰዋል። ፒስተኑ ግን ፑንታውን አይነካውም። መሃል ላይ አየር አለ። መቺውን ብረት የሚወረውረው ያ የታመቀ አየር ነው። ስለዚህ ከላይ የቱንም ያህል ብትጫኑ ምቱ አይጠነክርም፤ ጉልበቱ ከሞተሩ ነው የሚመጣው፣ ከሆድ አይደለም። መጫን የሚያስፈልገው ፑንታው ወደ ውስጥ ገፋ ብሎ ምቱ እንዲጀምር ብቻ ነው። ፑንታውን ስታነሱት መቺው ወደፊት ይንሸራተታል፣ የአየሩ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ሞተሩ እየዞረ ምት ይቆማል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ እንዲያ ሆኖ ነው የተሠራው። ከሚበቃው በላይ ከተጫናችሁ ግን እጀታው ላይ ያለው፣ ንዝረት የሚያስቀረው ስፕሪንግ እስከ መጨረሻው ይጨመቃል። ከዚያ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ክንድ። ሆድ ከሆነ፣ ወደ ሆድ።

አሁን ወደዚያች ቅጽበት ልመለስ። አርማታው ውስጥ ምን እየሆነ ነው? አርማታ ሲጨመቅ ብርቱ ነው፣ ሲሳብ ግን ደካማ፤ የመሳብ አቅሙ ከመጨመቅ አቅሙ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ፑንታው የሚሰብረው እንደ ሽብልቅ ገብቶ ሲያላቅቀው ነው። ቀጥ ብሎ መሃል ላይ ከተተከለ ግን የሚላቀቀው ወዴት ይሂድ? ቦታ የለውም። ይደቅቃል፣ ዱቄቱ በፑንታው ዙሪያ ይጠቀጠቃል፣ ፑንታው ይያዛል። ስለዚህ ከጠርዝ ነው የሚጀመረው፤ ጠርዙ ከ10 ሴንቲሜትር ብዙም ሳይርቅ፣ ፑንታውን ትንሽ ወደ ጠርዙ አዘንብሎ። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ መትቶ ስንጥቅ ካልታየ ማንሳት፣ ወደ ጠርዙ መጠጋት። ጠርዝ የሌለው ሶሌታ (የወለል አርማታ) ከሆነ መጀመሪያ አንድ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቀዳዳው ይሰበራል።

ከተያዘስ? ቁልፉን መልቀቅ፣ ስፒናውን መንቀል፣ የፑንታውን መያዣ ከፍቶ ማሽኑን ብቻውን ማውጣት። ፑንታው እዚያው ይቆይ። በሌላ ፑንታ ጎኑን ሰብሮ ነጻ ማውጣት ነው። ማሽኑን ግራና ቀኝ እየወዘወዙ መፈልቀቅ... እባካችሁ! ፑንታው ይሰበራል፣ የፊተኛው አፍ ይጎዳል። በሆድ የተደገፈው ሰውዬ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። አርማታው ድንገት ሲበሳ ክብደቱ በሙሉ ማሽኑ ላይ ነውና አብሮ ይወርዳል። እግሮቹ ሚዛን ላይ የቆሙ፣ በሁለት እጁ የያዘ ሰው ግን ማሽኑን ለቀቅ አድርጎ ይቆማል።

ፌሮ ያገኘ ፑንታም ይዘላል፤ ፌሮ በግራይንደር ነው የሚቆረጠው። ከዚያ በፊት ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ሽቦ፣ ቱቦ አለ ወይ? ሸክም የተሸከመ ነው ወይ? ይሄን ሳያጣሩ የሚጀምሩትን... ተውት፣ ዛሬ ልናደድ አልመጣሁም።

ጨርሶ ካልመታስ? ሞተሩ ይዞራል፣ ፑንታው ተጭኗል፣ ምት የለም። ብርድ ከሆነ ግራሶው ጠጥሯል፤ ጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ይዙር። ካልሆነ ኦሪንጎቹ፣ አየሩን የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች፣ አልቀው አየሩ ያመልጣል። ሦስተኛውን ነው የምወደው፤ ግራሶ ሲበዛ። ክራንኩ ላይ ክዳን ያላቸው አንዳንድ ማሽኖች የሚፈልጉት 30 ግራም ገደማ ነው፣ መመሪያቸው ላይ ተጽፏል። ሰው ግን «ይጠግብ» ብሎ ቱቦውን በሙሉ ይጨምቅበታል፣ ከዚያ ምቱ ጠፋ ይላል። በዘይት የሚሠሩት ደግሞ የዘይታቸው መጠን በመስኮታቸው ነው የሚታየው፣ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆሞ።

ካርቦን! ይኸው ደረስን። ስፒናው ተነቅሎ ይታያል። 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ከቀረው፣ ወይም ምልክቱ ጋ ከደረሰ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ አንዱን ብቻ አይደለም። አዲሶቹ እስኪለምዱ ያለ ጭነት ጥቂት ይዙሩ። ቀይራችሁም እሳቱ ኮሌክተሩን (ካርቦኑ የሚፈትገውን የሞተሩን የመዳብ ቀለበት) ከዞረው ችግሩ ካርቦኑ አይደለም። ማራዘሚያውም ቢሆን፣ 2,000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ይስባል፤ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ፣ ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ የተፈታ። ተጠቅልሎ ከሠራ ይግላል። 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ ማቋረጫም ይኑረው፣ በተለይ አቧራውን በውሃ የምታረጥቡ። አቧራው ውስጥ ክሪስታል ሲሊካ፣ የአሸዋና የድንጋይ ብናኝ፣ አለ። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1997 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ፎጣ አያግደውም።

እና ጣቶች... ይሄ ነው የሚከብደኝ። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ያወጣው የንዝረት መመሪያ አለ። እጅ ላይ የሚደርሰው ንዝረት 10 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ከሆነ፣ እርምጃ መውሰድ የሚያስፈልገው በ30 ደቂቃ ነው፣ የቀኑ ጣሪያ 2 ሰዓት። ንዝረቱ 15 ከሆነ ጣሪያው አንድ ሰዓት አይሞላም። ቁልፉ ተይዞ የሚመታበት ሰዓት ብቻ ነው የሚቆጠረው፣ እሱም በቶሎ ይሞላል። ብርድ ሲሆን ነጭ የሚሆን ጣት፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው ጣት። ጓንት ያሞቃል እንጂ የዚህን ማሽን ንዝረት ብዙም አይቀንስም። የማሽኑ መመሪያ ላይ የሰፈረው የንዝረት ቁጥር ራሱ እንደ አያያዙ ይለያያል ተብሎ ተጽፏል።

ታዲያ «አትጫኑ» ብሎ መናገር ይበቃል? እንጃ። ምናልባት ጥፋቱ የፑንታው ነው። የደነዘዘ ፑንታ አይገባም፣ ሰው ይጫናል። ይሞረድ ስትሉት ደግሞ ሞራጁ ውሃ ሳይነክር ያግለዋል፣ ጫፉ ሰማያዊ ይሆናል፣ ጥንካሬው ይጠፋል፣ በማግሥቱ ይደነዝዛል። ግን አዲስ ፑንታ ላይም ይደገፋሉኮ። ስለዚህ እሱም አይደለም መሰለኝ፣ ወይም እሱ ብቻውን አይደለም...