ብርድ ነው ልጄ

እሺ ጤና ይስጥልኝ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ በረንዳ ላይ ስለሆንኩ ነው፣ በዚህ የባህር ዳር ሙቀት ቤት ውስጥ አይቻልም።

ስለ እግሬ ላውራችሁ። አምና ዘጌ ከጀልባ ስወርድ ድንጋዩ አዳለጠኝና ቁርጭምጭሚቴን ወለም አለኝ። ወጌሻ ጋ ሄድኩ፣ አሸኝ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ረሳሁት። ከወራት በኋላ ግን ውስጥ እግሬ ማቃጠል ጀመረ፣ ፀጉር ቤት ቆሜ ስለምውል ማታ ማታ ጉንዳን የሚርመሰመስበት ነው የሚመስለኝ፣ ከብርድ ልብሱ አውጥቼ ሲሚንቶው ላይ ለጥፌው ነበር የምተኛው። እማዬ "ብርድ ነው ልጄ" ትልና በቅቤ ታሸኛለች፣ እኔ ደግሞ ስኳር ነው ብዬ ፈርቼ ተመረመርኩ፣ የለብኝም። የሆነ ክሊኒክ ተረከዝህ ነው አለኝና ማስታገሻ ዋጥኩ። የተረከዙ ህመም እኮ ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው የሚብሰው፣ እኔ ጠዋት ደህና ነኝ፣ ማታ ነው የምሞተው!

በመጨረሻ ያየኝ ሐኪም ውስጥ እግሬን ትቶ ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ በውስጥ በኩል ካለችው አጥንት ኋላ፣ በጣቱ ጫፍ ኳ ኳ ሲያደርግ እንደ ኮረንቲ እስከ አውራ ጣቴ ነዘረኝ። እዛ ጋ ጠባብ መተላለፊያ አለ፣ ታርሳል ተነል የሚባል፣ ወደ ውስጥ እግር የሚወርደው ነርቭ ከደም ስሮችና ከሦስት ጅማቶች ጋር ተጣቦ ያልፋል፣ ከላይ ጠንካራ ሽፋን እንደ ቀበቶ አስሮታል። በቃ ኋላ ወንበር አምስት ሰው የጫነ ሚኒባስ በሉት። ወለምታው ጠባሳ ሲጥልበት ነርቩ ተጨፈለቀ፣ ግን የሚጮኸው ታች ውስጥ እግር ላይ ነው። ጠፍጣፋ እግር፣ ያበጠ ደም ስር፣ ውሃ የቋጠረ እጢም እንዲሁ ያደርጋል አለኝ።

ህክምናው ቀላል ነው የጀመረው፣ ነጠላ ጫማ ተከለከልኩ፣ ጫማዬ ውስጥ መሀል እግሬን ደግፎ የሚይዝ ሶል ገባ፣ በየመሀሉ ቁጭ እያልኩ ነው የምሰራው፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ደግሞ ነርቩን ቀስ እያደረገ የሚያንሸራትት እንቅስቃሴ አሳየችኝ። መርፌ አለ፣ ኦፕራሲዮንም አለ፣ ሽፋኑን ከፍቶ ቦታ መስጠት ማለት ነው፣ እሱ ግን ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ነው።

አሁን ከጊዮርጊስ ጀምሬ በጣና ዳር ትንሽ እሄዳለሁ፣ ትንሿ ጣቴ ገና ትደነዝዛለች። ቅቤው? ማታ ማታ አለ፣ እማዬን ማን ደፍሮ ተይ ይላታል።